ከውጪ ይቆለፍ

«እሺ ጌታዬ። ከውጪ ይቆለፍ። እሺ… የሴቶቹም ጭምር። እሺ።»

ጃለኔ ይህን የሰማችው ጓዳ ሆና፣ ቅንጬው ላይ ቅቤ ልታደርግ ማንኪያውን እንዳነሣች ነው። ወንድሟ ቦጂያ ስልክ ሲያናግር ድምፅ መቀነስ አያውቅም። ምስጢር እንኳ ሲነግራችሁ ሰፈሩ አብሮ ይሰማል፤ ከልጅነቱም እንዲህ ነው። ዛሬ ግን ከሁለተኛው «እሺ» በኋላ ድምፁ ወረደ። እሷንም የነካት መጮኹ ሳይሆን መውረዱ ነው። ቅንጬውን ይዛ ስትወጣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የግድግዳውን ቀለም ያያል። ያ ቀለም ከሦስት ፋሲካ በፊት ራሱ የቀባው ነው፤ አዲስ ነገር የለበትም።

ቦጂያ ቁርሱን እህቱ ቤት መብላት የጀመረው ሚስቱ ሃዊ ካረገዘች ወዲህ ነው። ሃዊ የቅቤ ሽታ ከአጥር ማዶ ቢመጣ እንኳ ትታመማለች፤ እሱ ደግሞ ያለ ቅቤ ቁርስ የበላ አይመስለውም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የጥበቃ ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ የሁሉቃን ወንዝ ድልድይ ተሻግሮ፣ ጃለኔ ቤት ይገባል። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ በመጋረጃ ተከፍሎ ግማሹ ጓዳ ሆኗል። እናታቸው የሞተች ጊዜ ቦጂያ ገና የወተት ጥርሱን አልጨረሰም ነበር። ያሳደገችው እሷ ናት። ትምህርቱን ሲያቆም ያለቀሰችው እሷ፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ እሷ በምትሠራበት በኦዳ ሜዳ ኮሌጅ ጥበቃ ሆኖ እንዲቀጠር ቢሮ ለቢሮ የለመነችው እሷ። ዛሬ የፈረቃ ኃላፊ ሆኗል። እሷ የሴቶች ማደሪያ ተቆጣጣሪ ናት፤ ተማሪዎቹ «ፕሮክተር» የሚሉት ሥራ ነው፣ እሷን ግን «ማዘር» ነው የሚሏት።

«ብላ እንጂ» አለችው።

«ቅቤው ስንት ገባ?»

«ሦስት መቶ ሃምሳ። እሱም ግማሹ ድንች ነው። አሁን የቅቤ ዋጋ ነው ያስጨነቀህ?»

ሁለት ማንኪያ ጎረሰና ተወው። ሳህኑን ወደ ጠረጴዛው መሐል ገፋ አድርጎ ተነሣ። ጃለኔ አንድም ነገር አልጠየቀችውም። እነዚህ ሁለቱ እንዲህ ናቸው ልጆቼ፤ ስለ ሽንኩርትና ስለ በርበሬ ሲያወሩ ይውላሉ፣ ዋናው ነገር የመጣ ለት ሁለቱም ዝም ይላሉ። ሳህኑን በሌላ ሳህን ከደነችና ነጠላዋን አንሥታ ተከተለችው። ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ባጃጁ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እሱ በግራ እሷ በቀኝ እያዩ ሄዱ።

ወሩ ታኅሣሥ ነው፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት። ያን ዓመት በየግቢው ተማሪ ከተማሪ ይጋጭ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ኦዳ ሜዳ ትንሽ ኮሌጅ ነው፤ እስከዚያ ሳምንት ድረስ እዚያ የሚጣሉት በመታጠቢያ ውኃ ወረፋ ብቻ ነበር። ከዚያ በዚህ ቀን ዋዜማ ማታ ወንዶቹ ማደሪያ በኩል ድንጋይ ተወረወረ፣ መስኮት ረገፈ፣ ወሬውም ከድንጋዩ የበለጠ ፈጠነ። አንዲት ልጅ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ማደሪያዋ ስትሮጥ ትከሻዋን ተመትታ ሆስፒታል አድራለች። እንግዲህ የደኅንነት ኃላፊው አቶ ሀብተሥላሴ «ሴቶቹን ቆልፋችሁ አቆዩልኝ» ቢሉ ያለ ምክንያት አልነበረም። ጃለኔም ይህን ታውቃለች። ከውጪ መቆለፉን ግን አልወደደችውም።

የሴቶቹ ማደሪያ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ነው፤ ደረጃው አንድ፣ መውጫው አንድ። መስኮቶቹ ሁሉ ብረት አላቸው፤ ሌባ እንዳይገባ ተብሎ የተሠራ። መውጫው የፍርግርግ ብረት በር ነው፤ ከውጪ ሲቆለፍ የውስጡ ሰው እጁን በብረቱ መሐል አሾልኮ ቁልፉን መንካት ይችላል፣ መክፈቻ ከሌለው ግን መንካት ብቻ ነው። መክፈቻዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ጥበቃዎቹ ዘንድ ያድራል። ሁለተኛው፣ ጃለኔ እንዳይጠፋባት ቀይ ክር ያሰረችበት፣ ከሰማያዊ ጋውኗ ኪስ አይለይም።

ቦጂያ በሩን ከውጪ ቆለፈ። እህቱ ከውስጥ፣ እሱ ከውጪ። የያዘው ሬዲዮ ተንኮሻኮሸና የአቶ ሀብተሥላሴ ድምፅ መጣ። «የሴቶቹ ማደሪያ! መክፈቻዎቹ ተሰበሰቡ? ሁለቱም?»

ቦጂያ የጋውኗን ኪስ አየ። ቀዩ ክር ጫፉ ወጥቶ ይታያል። ጃለኔ ልትሰጠው እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች።

«ሁለቱም እጄ ላይ ናቸው ጌታዬ» አለ ቦጂያ፤ ዓይኑንም ከኪሷ ነቅሎ ሌላ ቦታ ተከለው። ጃለኔም እጇን ባዶውን አወጣች። እሱ የላስቲክ ወንበር ስቦ በሩ ፊት ተቀመጠ፣ እሷ ወደ ልጆቿ ወጣች።

ልጆቿ ስል ተማሪዎቹን ነው፤ የወለደችው የላትም። በየክፍሉ እየገባች «ከክፍላችሁ አትውጡ፣ ከመስኮት ራቁ፣ እኔ እዚሁ ነኝ» ትላለች። መብራት ከንጋት ጀምሮ ጠፍቷል። ስልኮች ሞተዋል። አንዷ ትጸልያለች፣ አንዷ ጥፍሯን ትበላለች፣ አንዷ ደግሞ ፀጉር ትሠራለች፤ «ከሞትኩም ተሠርቼ ልሙት» ብላ ሳቅ አስነሣች። በላይኛው ፎቅ ጥግ ያለው የእነ ኢልሀም ክፍል ነው። ኢልሀም ከቡታጅራ የመጣች የነጋዴ ልጅ ናት፤ አብራት የምትኖረው ፌቨን የጊንጪ ልጅ ናት። ጃለኔ በሩን ስታንኳኳ ከውስጥ ግርግር፣ የቁም ሣጥን መዘጋት ጓ! ሲል ተሰማ። ሲከፈትላት ሁለቱም አልጋው ላይ እንደ ሙሽራ ተቀምጠዋል። ክፍሉ የሽንኩርት ሽታ ይሸታል።

«ምን ስትሠሩ ነበር?»

«ምንም ማዘር» አለች ኢልሀም። «መብራት የለ ምን እንሠራለን?»

እውነቷን ነው፣ መብራት የለም። ጃለኔ ቁም ሣጥኑን አየችው፣ አለፈችው። የኤሌክትሪክ ምድጃ ክልክል እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ካፌው በተዘጋ ሰሞን ልጆቹ የሚበሉትን ከየት ያምጡ? ብዙ አየሁ አትልም ጃለኔ። ጥቂት ቆይቶ ሁለቱ ልጆች ክፍላቸው ያለው በመንገዱ በኩል ነውና ፈርተው፣ በራቸውን ቆልፈው፣ መሐል ፎቅ ጓደኞቻቸው ዘንድ ወረዱ።

ምሳ ሰዓት አለፈ። ከዋናው በር በኩል ጩኸት ይመጣል፣ ይርቃል፣ ይመጣል። ጃለኔ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ወገቧን ትዳስሳለች። ወገቧን ስለሚያማት ከጋውኑ ሥር ሰፊ መቀነት ትታጠቃለች፤ የእናቷ ነበር። በፍርግርጉ በኩል የቦጂያ ጀርባ ይታያታል። «ውኃ ልስጥህ?» ትለዋለች። «አይ፣ ይቅር» ይላል። «ሃዊ ደወለች?» «ስልኬ ሞቷል።»

ከዚያ መብራት መጣ። ሕንፃው ሙሉ እልል አለ! ውጪ የነበሩት ጥበቃዎች በድንጋጤ ዱላቸውን አነሡ፤ ቦጂያ ሳቀና «መብራት ነው፣ መብራት! ሠርግ አይደለም» አላቸው። የቀኑ ብቸኛ ሳቅ ይህ ነበር። ልጆቹ ስልካቸውን ሊሰኩ ተሯሯጡ፣ በየክፍሉ ከስልኩ እናትና አባት ሲያለቅሱ ሲመርቁ ይሰማል።

መጀመሪያ የሸተታት የላስቲክ ሽታ ነው። የስልክ ቻርጀር መስሏት ከክፍል ክፍል ጠየቀች። ከዚያ ከላይኛው ፎቅ አንዲት ልጅ «ማዘር! ከእነ ኢልሀም በር ሥር ጭስ ይወጣል!» ብላ ጮኸች። ያን ጊዜ ጃለኔ ሁሉንም አንድ ላይ አየችው፤ የቁም ሣጥኑን ጓታ፣ የሽንኩርቱን ሽታ፣ ኢልሀም «መብራት የለ» ያለችውን። ልጆቹ ንጋት ላይ ሲያበስሉ መብራት ሄደባቸው፤ እሷ ስታንኳኳ ምድጃውን ሳይነቅሉት ከልብስ መሐል ወሸቁት። መብራት ሲጠፋ ምድጃ መርሳት በማን ቤት ያልሆነ ነው ልጆቼ? የሁላችንም ነው። ብቻ የእኛ በር ከውጪ አይቆለፍም።

ከላይኛው ፎቅ ያሉት ወረዱ፣ የመሐሉ ተቀላቀላቸው፣ የታቹ ወጣ፤ ደረጃው ሞላ። ጃለኔ ፍርግርጉ ላይ ደርሳ ብረቱን ያዘች።

«ቦጂ! እሳት ነው። ክፈት።»

ቦጂያ ብድግ አለ። ወደ ላይ አንጋጦ አየ፤ ከጥጉ መስኮት ቀጭን ጭስ ይወጣል፣ የሲጋራ ያህል። ሬዲዮውን አፉ ላይ አደረገ። «ጌታዬ፣ የሴቶቹ ማደሪያ ጭስ አለው፣ ልክፈት?»

«እንዳትከፍት!» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ፤ ከኋላቸው ጩኸት ይሰማል። «ባለፈው ሳምንት ሌላ ግቢ እንዲህ ነው ያደረጉት፤ ፍራሽ አቃጥለው በር አስከፈቱ፣ ከዚያ የሆነውን ሰምተሃል። እዚህ ያሉት ልጆች ድንጋይ ይዘዋል። መጥቼ በዓይኔ ሳላይ እንዳይከፈት። እየመጣሁ ነው!»

ቦጂያ ወደ እህቱ ዞረ። «እየመጣ ነው እትዬ። ትንሽ ታገሺ።»

ከኋላዋ ልጆቹ ይገፋሉ። አንዲቱ ትንፋሽ አጠረኝ ትላለች። ጃለኔ እጇን ወደ ኪሷ ከተተች፣ ቀዩን ክር አገኘች፣ መክፈቻውን ይዛ እጇን በብረቱ መሐል አሾለከች። ቦጂያ ቀደማት። ቁልፉን በመዳፉ ሙሉ ጨብጦ ሸፈነው።

«ሁለቱም እጄ ላይ ናቸው ብያለሁ» አላት፤ ድምፁ የጠዋቱ ሆነ፣ የወረደው። «እትዬ፣ በዚህ ከከፈትሽ እኔ አበቃሁ። ሃዊ ስምንተኛ ወሯ ነው። ማሎ። እየመጣ ነው።»

ማሎ ማለት እባክሽ ነው። ትንሽ ሆኖ ጉልበቷን ይዞ ሲለምናት የሚላት ቃል ነው፤ ካደገ ወዲህ ብሏት አያውቅም። ጃለኔ እጁን አየች። ያ እጅ ትልቅ ነው፣ ከእሷ ጋር ግብግብ ቢገጥም የሚያሸንፍ። ደግሞም እውነቱን ነው፤ አለቃው እየመጡ ይሆናል፣ ጭሱም ሊጠፋ ይችላል፣ ልጆቹም ወጥተው ድንጋይ ሊያገኛቸው ይችላል። ይህን ሁሉ አሰበች። ከኋላዋ ግን አንዲት ልጅ እንደ ሕፃን ሳለች፣ ሳሏም አልቆመም።

ጃለኔ መክፈቻውን በጥርሷ ያዘች። ሁለት እጇን ጋውኗ ሥር ከትታ መቀነቷን ፈታች፣ ሳበች፣ በብረቱ መሐል አውጥታ በወንድሟ ጫማ ፊት አነጠፈችው።

በእኛ አገር ይህ ምን እንደሆነ ለማንም መንገር አያሻም። ሁለት ወንዶች ጦር ቢማዘዙ እናት ወይም እህት መቀነቷን ፈትታ መሐል ካነጠፈች የሚሻገረው የለም፤ የተሻገረውን ደግሞ ጎረቤት እሳት አያበድረውም። ቦጂያ የእናቱን መቀነት ከጫማው ፊት አየ። ሌላው ጥበቃ፣ ዋቆ የሚባለው ሽማግሌ፣ ቆቡን አወለቀና «ቦጂያ፣ ተው፣ ኋላ በል» አለው። የቦጂያ እጅ ከቁልፉ ላይ ወረደ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ፊቱ የተጨነቀ ሰው ፊት ነበር፤ ግን ዋቆ ኋላ ሲናገር «ሸክም እንደወረደለት ሰው ነው የተነፈሰው» ብሏል።

ጃለኔ ከፈተች። «ጫማ አትፈልጉ! እጅ ለእጅ ተያያዙ! አትገፋፉ፣ የማዘርን ወገብ የሰበረች ወየውላት!» እያለች በሩ ጎን ቆማ አወጣቻቸው። ወደ ሣሩ፣ ከሕንፃው ወዲያ። ፌቨን ወጣች፣ ዞር አለች፣ ጮኸች። «ኢልሀም! ኢልሀም የለችም! ላጠፋው ብላ ወደ ላይ ወጥታለች፣ በእኛ ነው የመጣው ብላ!»

ጃለኔ ወደ ደረጃው ስትዞር ቦጂያ ቀደማት። ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ መቀነቱ ተነጥፏል። አልተሻገረውም። ጎንበስ ብሎ አነሣው፣ ከደረጃው ሥር ካለው ባልዲ ውኃ ነከረው፣ አፍና አፍንጫውን ጠመጠመበት፣ ወደ ላይ ሮጠ። ያኔ ጭሱ የሲጋራ አልነበረም። ከመስኮቱ ጥቁር ሆኖ ይተፋ ነበር።

ያ መጠበቅ ምን ያህል እንደቆየ ማንም አያውቅም። የወንዶቹ ማደሪያ ልጆች ጭሱን አይተው በአጥሩ በኩል ሲመጡ ሴቶቹ «መጡብን!» ብለው ተጯጯሁ፤ የያዙት ግን ጀሪካን ነው። ማታ ድንጋይ የተወራወሩት ልጆች ጀሪካን እየተቀባበሉ ወደ ላይ ወጡ። ጃለኔ አላየቻቸውም፤ የምታየው በሩን ብቻ ነው። መጀመሪያ ሳል ሰማች። ከዚያ ቦጂያ ኢልሀምን እንደ ማዳበሪያ ከረጢት ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። ልጅቱ በሕይወት ናት፤ ሁለት መዳፏ ተቃጥሏል፣ «ይቅርታ ማዘር፣ ይቅርታ ማዘር» ትላለች። ጃለኔ ሣሩ ላይ ከጎኗ ተቀመጠች።

አቶ ሀብተሥላሴ ሲደርሱ ሸሚዛቸው በላብ ተጣብቋል። የተቃጠለውን መስኮት አዩ፣ ልጆቹን አዩ፣ ቀስ ብለው ወደ በሩ ሄዱ። ቁልፉ ተንጠልጥሏል፣ መክፈቻውም እዚያው ተሰክቷል፣ ቀይ ክር ያለው።

«በማን መክፈቻ ነው የተከፈተው?»

«በእኔ» አለ ቦጂያ።

«በእኔ ነው» አለች ጃለኔ። «ደብቄ ይዤው ነበር። እሱ አያውቅም።»

«ሁለቱም እጄ ላይ ናቸው ብለኸኝ አልነበር?»

ቦጂያ መሬት መሬት አየ። አቶ ሀብተሥላሴ ክፉ ሰው አይደሉም ልጆቼ፤ ከሁሉ በላይ የከበደኝም ይኸው ነው። መክፈቻውን ነቅለው መዳፋቸው ላይ አገላበጡት። «ዛሬ እሳቱ እውነት ሆነ» አሉ፣ በቀስታ። «ባይሆን ኖሮስ? እነዚህ ጀሪካን የያዙት ድንጋይ ይዘው ቢሆኑስ? የእነዚህን ልጆች እናቶች ማን ያነጋግር ነበር? እናንተ?» ቦጂያን ዩኒፎርሙን እንዲመልስ፣ ኮሚቴ ተቀምጦ እስኪወስን ቤቱ እንዲጠብቅ ነገሩት። ጃለኔም እስክትጠራ እንዳትመጣ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቷ ገባች። ስትመጣ ሽንኩርት ልትገዛ ቆማ ነበር፣ ሻጯ «ሠላሳ አምስት» ስትላት ሳትከራከር ሄደች፤ ሻጯ ደንግጣ «ሠላሳም ይሁን!» ብላ ጠራቻት። ቤት ገብታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሃዊ ምን ትላት ይሆን? ያ ሕፃን ሲወለድ አባቱ ሥራ ባይኖረው የማን ጥፋት ይሆናል? ደግሞ ያችን ሳል ትሰማለች። እጇ መቀነቷን ፍለጋ ወደ ወገቧ ይሄዳል፣ ወገቧ ባዶ ነው።

ቦጂያ ሳያንኳኳ ገባ። የሠርጉን ሹራብ ለብሷል፤ ሌላ የሲቪል ልብስ የለውም። መቀነቱን አጣጥፎ ይዟል። ጭስ ጭስ ይሸታል፣ ጫፉም ጠቁሯል። አልጋው ላይ ከጎኗ አስቀመጠው።

«ሃዊ ሰማች?»

«ሰማች።»

«ምን አለች?»

«የቅቤው ሽታ በስንት ጣዕሙ፣ ጭስ ጭስ ትላለህ ብላ አባረረችኝ።»

ጃለኔ ልትስቅ ፈለገች፣ አልመጣላትም። እሱ ሄዶ ጠረጴዛው ዘንድ ተቀመጠ፣ ሳህኑ ላይ የተደፋውን ሳህን አነሣ። ቅንጬው እንዳለ ነው፤ ቅቤው ረግቶ ከላይ ነጭ ሆኗል።

«ተወው፣ ቀዝቅዟል። ላሙቅልህ» አለችው።

«እንዳለ ይሁን።»

ማንኪያውን አነሣ። በዚያው ቅጽበት፣ ቤቱ ቻርጅ ያደረገው ስልኩ ጮኸ። ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ዞረ፤ ሁለቱም ጎንበስ ብለው ስሙን አነበቡ። አቶ ሀብተሥላሴ። ጃለኔ መቀነቱን በሁለት እጇ ጨበጠች። ጥሪው ለሥራ ይሁን ለስንብት ማን ያውቃል?

ቦጂያ ስልኩን ገልብጦ በፊቱ አስተኛው።

«መጀመሪያ ቁርሴን ልጨርስ» አለ፤ ጮክ ብሎ፣ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ።